ተሰብሮ እንዲገኝ የተጸለየለት እጅ

«ኧረ ምኑ ነው የተሰበረው! ወለምታ እኮ ነው» አለች ዳመነች።

ገንዘቤ ይህን የሰማችው ከማድ ቤቱ ውጪ፣ የታጠበ ጥቅል ጎመን የሞላ ሳፋ በወገቧ ደግፋ ወደ በሩ ስትጠጋ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የገርጂ የጭቃ ግድግዳ ግን ይህን አባባል አያውቅም። ልስኑ በረገፈበት በኩል ውስጥ የሚወራው ሁሉ ከነሳቁ ይወጣል። ዳመነች የባሏ የዱባለ እህት ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖራለች፤ ከገንዘቤ ጋር አንድ ምጣድና አንድ የቧንቧ ውሃ ይጋራሉ። አብራት ሽንኩርት የምትልጠው ሰዓዲያ ደግሞ ጎረቤት ናት፤ ባሏ ጥጉ ላይ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ለነገው ድግስ ሁለት ትልልቅ ድስት አውሳ ስታበቃ ድስቶቹን ተከትላ እሷም መጣች። ሰው ቤት ሥራ ካለ የራሷ ቤት የሚጠባት ሴት ናት። የጠየቀችውም በክፋት አልነበረም። «ነገ ገንዘቤ የምትመሰክረው ስለዚያ ስለተሰበረው እጇ ነው አሉ፤ እውነት ተሰብሮ ነበር?» ነው ያለችው።

«ማን አየው?» ቀጠለች ዳመነች። «ሐኪም አላየው፣ ራጅ አልተነሳ። ያቺ እጇ ላይ ያለችው ጉብታ እንደሆነች የእናቷ ዘሮች ሁሉ አለቻቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጴንጤ መሆን በሚያሳስርበት በደርግ ጊዜ ገንዘቤና ዳመነች ከሌሎች ጥቂት አማኞች ጋር ኮተቤ አንድ ሰው ቤት ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። አንድ ምሽት አብዮት ጠባቂዎች በሩን ሲደበድቡ ሁሉም በጓሮ በኩል የድንጋዩን አጥር እየዘለለ ተበተነ። ገንዘቤ ዘልላ ወደቀች፤ ግራ እጇ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ብትሄድ «የት ወደቅሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?» መባሏ አይቀርምና አልሄደችም። ወንድሞችና እህቶች ጸለዩላት፣ እጇን በነጠላ አሰሩላት፣ ዳነች። ምስክርነቷ ይኸው ነው። ጊዜው ተለውጦ በአደባባይ መዘመር ሲቻል፣ መጀመሪያ በሸራ ድንኳን፣ ቀጥሎ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ይህንኑ ስትናገር ጉባኤው እልል ይል ነበር። ነገ እሁድ ደግሞ አዲሱ አዳራሽ ይመረቃል። ከየአጥቢያው እንግዳ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም ስለዚያ ዘመን ቆማ እንድትናገር የመረጡት እሷን ነው። ለዚህ ብላ ከመርካቶ ቡናማ ጫማ ገዝታለች፤ እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣችውም።

አሁን እንግዲህ እንደ ቆመች ክው ብላ ቀረች። የከፋው ነገር መናደዷ አልነበረም፤ መጠርጠሯ ነው። እጇ ያኔ ቀጭ ሲል ሰምታለች፤ ግን ሰማሁ ብላ ደጋግማ ስለተናገረች ይሁን በእውነት ስለሰማች አሁን መለየት አቃታት። ወለምታ ከሆነስ? ይህን ሁሉ ዓመት በእግዚአብሔር ቤት፣ በማይክሮፎን፣ ውሸት ስትናገር ኖራለች ማለት ነው። ደግሞም ሰው ሲያማት ስትሰማ መገኘት አልፈለገችም፤ ሳፋዋን እንደያዘች ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ከኋላዋ ያለው የድንጋይ ደረጃ ሌሊት በዘነበው ዝናብ አሟልጯል። ጎመኑ ግቢውን ሞላው፤ ሳፋው እየተሽከረከረ ሄዶ አጥሩን መታ፤ ገንዘቤ ደግሞ ያንኑ ግራ እጇን ዘርግታ በመዳፏ አረፈችበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይህን ነው።

«ቢስሚላህ!» እያለች ሰዓዲያ ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች። ዳመነች ተከተለቻት፤ ገንዘቤን መሬት ላይ፣ እጇን ታቅፋ ስታያት ፊቷ አመድ መሰለ። ለመስማት የምትችልበት ቦታ ላይ እንደነበረች የገባት ወዲያው ነው፤ ሰዓዲያም ገብቷት ሽንኩርት ባስለቀሰው ዓይኗ ወደ ሰማይ አየች። ዳመነች ተንበርክካ፣ «እንጸልይልሽ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይሆንም» አለች ገንዘቤ። «ራጅ ነው የምነሳው።»

በዚያ ቤት ራስ ምታት እንኳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸሎት ነው። ሰዓዲያ በመገረም አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ተመለከተች፤ ከዚያ ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው። «ደግ አልሽ። ቦሌ አትላስ አካባቢ ያለችው ሴት ሐኪም ጥሩ ናት ይላሉ። እናንተ ሂዱ፤ ሽንኩርቱም ጎመኑም የኔ ነው፤ ወላሂ ስትመለሱ አንድ ራስ አታገኙም።» ዱባለ ኤርፖርት የጭነት መጋዘን ስለሚሠራ ቅዳሜም እስከ ከሰዓት አይመጣም። ስለዚህ ገንዘቤን የሚወስዳት ሰው ከዳመነች ሌላ አልነበረም፤ ዳመነችም ማንንም ሳትጠይቅ የገንዘቤን ቦርሳ አነሳች።

እስከ ታክሲው ድረስ በጭቃው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጡ ሄዱ። ገርጂ ያኔ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ መሠረት ነበር፤ በየቦታው የባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረበት ቪላ ቆሟል፤ ላሞች በሲሚንቶ ከረጢት መሃል ይግጣሉ። ገንዘቤ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ዳመነች ክርኗን ልትይዛት እጇን ትዘረጋና ትመልሳለች። መገናኛ ወርደው ወደ ቦሌ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ወያላው፣ «ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ!» ብሎ ጎንና ጎን አስቀመጣቸው፤ ትከሻቸው ተጣብቆ፣ አንዷ በመስኮት አንዷ በሾፌሩ መስታወት እያየች ተጓዙ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አያት አካባቢ መሬት ስንት እንደገባ ሲከራከሩ ነበር፤ አንደኛው፣ «እዚያ ጅብ እንጂ ሰው አይኖርም» ሲል በሌላ ቀን ቢሆን ዳመነች ዞራ መልስ ትሰጠው ነበር። ዛሬ የገንዘቤን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ስትፈታና ስታስር አትላስ ደረሱ።

ክሊኒኩ የሰው መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው። ሳሎኑ የተራ መጠበቂያ ሆኗል፤ ጥግ ላይ ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ቡፌ አሁንም አለ፤ ብርጭቆ በነበረበት መደርደሪያ ጥጥና ፋሻ ሞልቶበታል። ካርድ አውጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጇ አብጦ ይጠዘጥዛታል፤ ገንዘቤን ያስጨነቃት ግን እሱ አልነበረም። ልቧ ውስጥ ቁርጥ አድርጋ ወስናለች፤ ድሮ አለመሰበሩ ዛሬ ከታወቀ ነገ አትቆምም። ሽማግሌዎቹን አሞኛል ትላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላም ስለዚያ እጅ አንድ ቃል አይወጣትም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ተሰብሮ ይገኝ» አለች። ከዚያ ነገሩ እንዳይምታታ ፈራችና ጨመረች፤ «አሮጌውን ማለቴ ነው። አዲሱን እንደ ፈቃድህ።» ሰው ክሊኒክ ውስጥ የሚጸልየውን ሁሉ የሚሰማ አምላክ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ዶክተር አስመረት ቀጭን፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትፈልግ ሴት ናት። ገንዘቤን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስዘረጋቻት። «የታመመውን ብቻ አይቼ አልፈርድም» አለች። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ የቆዳዋን ስሜት ጠየቀች፤ ከክርኗ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ታች ተጫነች። ድሮ ያበጠው፣ ጉብታ ያለበት ቦታ ላይ ስትጫን ገንዘቤ ዝም አለች። በአውራ ጣቷ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ስፍራ ስትነካት ግን፣ «ኧረ በጌታ!» ብላ ከወንበሩ ተነሳች።

«ይሄ እጅ ከዚህ በፊት ተጎድቶ ያውቃል?»

ገንዘቤ አፏን ከፈተችና ወደ ዳመነች አየች። ዳመነች ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአጽም ሥዕል ታነብ ነበር። «እሱን እርስዎ ይንገሩኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች ገንዘቤ።

ሐኪሟ ትንሽ አየቻትና ሁለቱም እጆች ራጅ እንዲነሱ ጻፈች፤ ጤነኛው ለማወዳደሪያ። የሁለት እጅ ሂሳብ የሁለት እጅ ነው፤ ገንዘቤ «ቀኙ ምን አደረገ?» ልትል ስትል ዳመነች ቀደመቻት። «ሁለቱም ይነሱ» አለች። ከቤት ከወጡ ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ራጅ አንሺው የወፍራም ድምፅ ባለቤት ነበር። ፊልሙ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ማዘር፣ ይቅርታ፣ ስብራት ይታያል» አለ።

«ጌታ ይመስገን!» አለች ገንዘቤ። ልጇን ያቀፈች አንዲት ሴት ደንግጣ ፈቀቅ አለች። ገንዘቤም ወዲያው ልቧ ወረደ፤ የትኛው ስብራት? ያሁኑ ከሆነ እጇም ተሰብሯል፣ ማስረጃዋም የለም።

ዶክተር አስመረት ሁለቱን ፊልሞች ብርሃን ባለው ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰካቻቸው። ቀኙ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራው ከአንጓው ከፍ ብሎ በትንሿ ጣት በኩል ወፈር ብሎ ትንሽ ጎበጥ ይላል። የእናት ዘር ጉዳይ እዚያው ላይ አበቃለት፤ የእናት ዘር አንዱን እጅ ብቻ አይመርጥማ። ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጉብታውን ዞረችው። ገንዘቤ ትንፋሿን ያዘች።

«ይሄ ዛሬ የሆነ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «አዲስ ስብራት ጠርዙ እንደተሰበረ ሸክላ ስለታም ነው። ይሄ ግን ከብቦ፣ ወፍሮ፣ ገጥሟል። ስጫነውም አላመመዎትም። ድሮ የተሰበረ ነው፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል።»

«ተሰብሮ ነበር?»

«በደንብ ነው እንጂ! ለሁለት ሄዶ ነበር።»

የገንዘቤ ልብ ቅቤ ጠጣ። ያበጠውን እጇን ረስታ ልታጨበጭብ ስትል ሐኪሟ ያዘቻት። «ሰማሽ?» አለች ወደ ዳመነች ዞራ፤ «ለሁለት ነው የሄደው!» ሰው እንዲህ ተደስቶ ስለ ራሱ አጥንት መሰበር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ዳመነች ግን ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። ፊልሙን ጠጋ ብላ አየችው። «የገረመኝ ነገር አለ። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚህ፣ መዳፉ አጠገብ ነው። የእርስዎ ከፍ ይላል፤ ቦታውም ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ከላይ የሆነ ከባድ ነገር ሲያርፍበት ነው። ምን ወድቆበት ነበር?»

ገንዘቤ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «ድንጋይ» አለች። «ከአጥሩ ላይ ድንጋይ ተንዶብኝ ነው።»

«ድንጋይ አይደለም» አለች ዳመነች። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወደቅኩባት።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላስቆማትም። ከኋላ ከኋላ መጥታ በጨለማው ስትዘል ጉልበቷ የገንዘቤ ክንድ ላይ ነው ያረፈው። ቀጭ ሲል እሷም ሰምታለች። በነጋታው ወለምታ ነው አለች፤ ወለምታ ከሆነ ያልፋል፣ ከተሰበረ ግን የወንድሟን ሚስት እጅ የሰበረችው እሷ ናት። ሌላው ሰው ተሰበረ ባለ ቁጥር ወለምታ ነው ማለቱን አበዛችው። ገንዘቤ መድረክ ላይ ቆማ «ዘልዬ ወደቅኩ» ስትል፣ ቀጥላ «ያን ጊዜ ዳመነች…» ትላለች ብላ እየጠበቀች በየዓመቱ ከወንበሯ ሥር መግባት ያምራት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነና የወጋችው ናት እንቅልፍ ያጣችው። አሁን ትልቅ ሴት፣ ሽንኩርት እጇ ላይ እየሸተተ፣ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች።

«አውቃለሁ እኮ» አለች ገንዘቤ።

ዳመነች ቀና አለች።

«ምነው አንቺ! ከኔ ኋላ አጥሩ ላይ ከአንቺ ሌላ ማን ነበር? ድንጋይ ነው እንዴ ‹ወይኔ ጉልበቴ!› ብሎ የሚጮኸው?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐኪሟ ናት፤ ልትደብቀው ብላ መነጽሯን ፈለገች። ከዚያ ገንዘቤ፣ ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ ዳመነች። ራጅ አንሺው በሩን ከፍቶ ምን እንደሆኑ አይቶ ዘጋው። «ይህን ሁሉ ጊዜ አውቀሽ ዝም አልሽ?» አለች ዳመነች ሳቋ ሲበርድ። «ታዲያ ምን ልበል? በጉባኤ ፊት የባሌ እህት ወደቀችብኝ ልበል? የዚያን ጊዜ ውፍረትሽን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያለ ራጅ ያምነኝ ነበር።»

ዶክተር አስመረት ጄሶውን እየበጠበጠች ጠየቀች። «ያለ ሐኪም እንዲህ መግጠሙ መልካም ዕድል ነው። አላንቀሳቀሱትም ነበር? ውሃ አልቀዱበትም፣ ልብስ አላጠቡበትም?»

«እሷ ናት እኮ» አለች ገንዘቤ። «ውሃውን የቀዳችው እሷ፣ ያጠበችው እሷ፣ እንጨቱን የፈለጠችው እሷ። ፀጉሬን እንኳ ትሠራኝ ነበር። ጣቴን አላስነሳችኝም።» ይህን እየተናገረች ድምፅዋ ቀስ እያለ መጣ። ከሸራው ድንኳን ጀምሮ ስንቴ መስክራለች፤ ጸሎቱን ተናግራለች፣ ነጠላውን ተናግራለች፤ ይህን ግን አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም። ዳመነች የወደቀችባትን ለመሸሸግ ብላ ዳመነች የደከመችላትንም አብራ ሸሽጋው ኖራለች። አፈረች፤ ደስታዋ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ልቧ ሰፋ። «እና ዶክተር፣ እግዚአብሔር አይደለም የፈወሰኝ ማለት ነው?» አለች።

«እኔ የማየው ተሰብሮ መዳኑን ነው፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ። «ማን አዳነው የሚለው ራጅ ላይ አይወጣም።»

የዛሬውን በተመለከተ ፊልሙ ላይ አዲስ ስብራት አይታይም። ሆኖም በአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት አንዳንዴ ተሰንጥቃ መጀመሪያ ላይ ትደበቃለች፤ ያመማትም እዚያው ላይ ስለሆነ ለማንኛውም በጄሶ ታስሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል። ገንዘቤ ይህን ሁሉ እንደ ሠርግ ጥሪ በደስታ ሰማች።

ሲወጡ ፀሐይ ወጥታ የአትላስ አስፋልት ይጨስ ነበር። አንዲት ኬክ ቤት ገብተው ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዙ፤ ዳመነች ቦምቦሊኖውን በእጇ ቆርሳ ገንዘቤን አጎረሰቻት፤ ቀኝ እጇ ደህና መሆኑን ሁለቱም ረስተውት ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ከጠዋቱ እኩል ተጣብቀው ተቀመጡ፤ አሁን ግን ወያላው ነው ዝም እንዲሉ የፈለገው። «ነገ ከጎኔ ቆመሽ ትናገሪያለሽ» አለች ገንዘቤ። ዳመነች ሳቋ ጠፋ። «አላደርገውም። ያ ሁሉ እንግዳ ባለበት እኔ ነኝ የሰበርኳት ልበል? ጉልበቴ ይከዳኛል።» «እንግዲያው እኔም አልቆምም። ግማሽ ምስክርነት ይበቃኛል፤ ስንት ዓመት ተናገርኩት።» ዳመነች ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመገናኛ እስከ ገርጂ ግን የገንዘቤን ጄሶ በሁለት እጇ ደግፋ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ እንዳይነቃነቅ ይዛው ነበር።

ዱባለ የሥራ ካፖርቱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሟል። ሰዓዲያ ነግራው ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት፣ ግቢውን ሲዞር የቆየ ይመስላል። ሰዓዲያም ከኋላው በማማሰያ ታጅባ ወጣች። ነጩን ጄሶ ሲያይ፣ «ተሰበረ?» አለ።

«ተሰብሮ ነበር!» አለች ገንዘቤ ፊቷ እየበራ።

«እልል!» አለች ሰዓዲያ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባትም የገንዘቤን ፊት አይታ ደስታ መሆኑን አውቃለች።

ዱባለ ከሚስቱ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ እህቱ አየ። ዳመነች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ከዚያ እስከ ጥጉ ሱቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «የሰበርኩትም እኔ ነኝ!» አለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ዱባለ ደንግጦ።

«ምንም» አለች ዳመነች። «ለነገ እየተለማመድኩ ነው።»